ዜና ቀመሪያ፣ ኮምፒዩተሩን ከሀንጋሪ ያወጣች

ዓለም በተፈጠረ በሰባት ሺህ አራት መቶ ሰማንያኛው ዓመት፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ በወርኃ ግንቦት በአሥራ ሦስተኛው ቀን፣ በዕለተ ቀዳሚት፣ ቀመሪያ በተወለደች በአሥራ ዘጠነኛው ዓመት፣ ታይፕ መምታት በጀመረች በሁለተኛው ዓመት፣ ኮምፒዩተር የሚባለው ነገር በካርቶን ታሽጎ በጋሪ ተጭኖ ናዝሬት በገባ በሰባተኛው ወር፣ ይሄ ነገር ሆነ። ሆነ ሲባል ደግሞ እንዲያው ዝም ብሎ አይደለም፣ ጉድ አሰኝቶ ነው የሆነው።

ቀመሪያ ማን ናት ላለ፦ ቀመሪያ ዘናዝሬት፣ ንግሥተ ታይፕ፣ መዋኢተ ካርቦን፣ ጣቷን ሳታይ ስትመታ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ የወረደ የሚመስልላት፣ እርሳሷን ሻሿ ውስጥ ሰክታ ቀኑን ሙሉ እርሳሴን ያያችሁ እያለች የምትፈልግ፣ አዲስ አበባ ለሁለት ሳምንት የኮምፒዩተር ትምህርት ተልካ በአሥራ አምስተኛው ቀን እንደ ጄኔራል አንገቷን ቀና አድርጋ የተመለሰች፣ ከዚያም በፊት ሁለት ክረምት ሙሉ ዓለም ጤና ወርዳ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ያስቆጠረች፣ እሷ ናት። በቃ እሷ ናት፣ ሌላ ቀመሪያ የለችም።

እንግዲህ በዚያ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከሁሩታ፣ ከዓለም ጤናና ከአዳሚ ቱሉ የመጡ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ሰዎች፣ ማንበብና መጻፍ የቻሉ፣ ባዳራሹ ተሰብስበው ሰርተፍኬታቸውን ሊቀበሉ ነበር። ከላይ የመጣው ደብዳቤ ደግሞ ስም ሁሉ በኮምፒዩተር ይታተም፣ በእጅ የተጻፈ አንቀበልም ይላል፣ ምክንያቱም የክብር እንግዳው የሚመጡት የኮምፒዩተሩን ሥራ በዓይናቸው ለማየት ነው። ስሞቹ የተጻፉበት ደብተር አዲስ አበባ ሄዶ፣ እዚያ በአዲሱ አማርኛ በሚጽፈው ፕሮግራም ተለቅሞ፣ ደብተሩ እዚያው ቀርቶ፣ ስሞቹ በአንድ ዲስክ ላይ ሆነው፣ ፕሮግራሙም ከአንዲት ቅጠል ማብራሪያ ጋር አብሮ፣ አንድ ገጽ መሸኛም አብሮ፣ ዓርብ ማታ በአውቶቡስ ናዝሬት ደረሱ። ስለዚህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ ስሞች ያሉት እዚያች መዳፍ በምታክል ጥቁር ዲስክ ውስጥ ብቻ ነው። አስቡት።

ከሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ መሀል አደ፣ ማለትም ወይዘሮ፣ ዲንቄ ሁንዴ አሉ። የዓለም ጤና ሽንኩርት አምራች፣ ዕድሜያቸው ሃምሳ ሦስት፣ ቀመሪያ እጃቸውን በእጇ ይዛ ዲ የምትባለዋን ፊደል አንድ ሳምንት ሙሉ ያስጻፈቻቸው። ስምዎ ከማሽን ውስጥ በወረቀት ላይ ይወጣል ብላ ቃል ገብታላቸው ስለነበር፣ እሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጠበቅ አልቻሉም፤ በመጀመሪያው አውቶቡስ መጥተው ቀመሪያ ከምትሠራበት መሥሪያ ቤት መስኮት ሥር ከጥላው ተቀመጡ፣ ነጠላቸውንም አስተካከሉ፣ ስማቸውንም ይጠብቁ ጀመር።

ቀመሪያም ወደ ኮምፒዩተሩ ክፍል ዘመተች። ወደዚያ ክፍል በጫማ አይገባም፣ የናዝሬት አቧራ የማሽን ጠላት ነው ተብሎ ታውጇል፤ ስለዚህ ሠራዊቱ ሁሉ በካልሲ ነው የሚዘምተው። የተከተሏትም እነዚህ ነበሩ፦ በግራ ጋሽ ደገፋ፣ የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ፣ ዐቃቤ ጫማ፣ የማንን ጫማ የማን አጠገብ እንዳስቀመጡ ለማንም የማይነግሩ፤ በቀኝ እትዬ ዘውድነሽ፣ የመዝገብ ቤቷ፣ መወልወያ ጨርቅ በአንድ እጅ፣ ማማተቢያ በሌላው፤ ከፊት ወደ ግራ ብቻ የሚዞር ቬንትሌተር፤ ከሥር ሌሊት እንደሚያንኮራፋ ባል የሚያጉረመርም ስታቢላይዘር፤ ከኋላ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ጓድ አብተው፣ ርእሰ ስብሰባ፣ አበ ቃለ ጉባኤ፣ በቀኝ ካልሲያቸው ቀዳዳ አውራ ጣታቸው እየወጣ ሁሉም ሰው ጣሪያ ጣሪያውን የሚያይላቸው።

ዲስኩን አስገባች፣ ፕሮግራሙን ጠራች፣ የስም ዝርዝሩንም አዘዘች፣ ዝርዝሩም መጣ። ግን ምን ይዞ መጣ መሰላችሁ? ፊደል የለ፣ ሀ የለ፣ ለ የለ፤ ከላያቸው ሁለት ነጥብ የተሸከሙ ክቦች፣ ባርኔጣ ያደረጉ ቅጠላቅጠሎች፣ ጭራ ያበቀሉ መንጠቆዎች፣ ስክሪኑን ሞልተው ተሰለፉ። ደህና የመጡት ቁጥሮቹ ብቻ ናቸው፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያሉ እስከ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት፣ ከጎናቸው ግን ስም የለም፣ ባርኔጣ ነው ያለው። አጠፋች፣ አበራች፣ ያው ነው። ዲስኩን አውጥታ እፍ አለችበት፣ ያው ነው። እትዬ ዘውድነሽ ሦስት ጊዜ አማተቡበት፣ ጋሽ ደገፋም እኔ ሬዲዮኔን እንዲህ ሲሆንብኝ በመዳፌ ነው የምመታው ብለው ሊጠጉ ሲሉ በሕዝብ ብርታት ተያዙ።

አምስት ሰዓት ሆነ። ጓድ አብተው ላብ በላብ ሆነው ሰዓታቸውን አዩና እንዲህ ሲሉ ዐወጁ፦

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ። እስከ ስድስት ሰዓት ስሞቹ ካልወጡ፣ ቁጥሮቹ ጤነኛ ስለሆኑ፣ ሰርተፍኬቱ በቁጥር ብቻ ይታተማል። ሰውም ቁጥሩን ይዞ ቤቱ ይግባ።»

አዋጁ በመስኮት ወጥቶ ከጥላው ሥር ደረሰ። አደ ዲንቄም ቀስ ብለው ተነሡ፣ ክርናቸውን መስኮቱ ላይ አሳረፉና ለጓድ አብተው ሳይሆን ለቀመሪያ መለሱ።

«ቀመሪያ ኮ፣ የኔ ልጅ፣ ቁጥርማ ድሮም አውቃለሁ። ሽንኩርቴን በኩንታል ስሸጥ ማን ቆጥሮልኝ ያውቃል? እኔ ሁለት ክረምት በኩራዝ ዓይኔን ያጠፋሁት ቁጥር ልትሰጪኝ ነው?»

ቃል የገባችው ቀመሪያ ናት፣ ጓድ አብተው አይደሉም፣ አዲስ አበባም አይደለም፤ እጃቸውን የያዘችው እሷ ናት። ስለዚህ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠችና ከፕሮግራሙ ጋር የመጣችውን የማባዣ ቀለም የጠጣች አንዲት ቅጠል ማብራሪያ፣ ማንም ያላነበባትን፣ ከላይ እስከ ታች አነበበቻት። ከታች ጥግ ላይ በጥቃቅን ፊደል ተጽፏል፦ ይህ ፕሮግራም ፊደሉን በየትኛው ሠንጠረዥ ማንበብ እንዳለበት የሚያውቀው ኮምፒዩተሩን አገርህ የት ነው ብሎ በመጠየቅ ነው፣ ይላል። ኮምፒዩተሩ የነገረውን አገር ሠንጠረዥ ይዞ ያነባል ማለት ነው። አገሩ ከተሳሳተ ፊደሉም ይሳሳታል።

እዚህ ላይ ቀመሪያ ከወንበሯ ብድግ አለች። ምክንያቱም የዚህን ኮምፒዩተር አገር ታውቀዋለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሰባት ወር በፊት ማሽኑ ከካርቶኑ ሲወጣ ከፋብሪካው እንደተሞላ አገሩ አሜሪካ ነበር። ጓድ አብተው ይሄን ሲሰሙ ምሳቸውን አልበሉም። የአገሮቹ ዝርዝር ተከፈተ፣ ኢትዮጵያ ተፈለገች፣ የለችም። ስብሰባ ተጠራ፣ አሥራ አራት ሰው ሦስት ሰዓት ተኩል ተከራከረ፣ የመሥሪያ ቤታችን ኮምፒዩተር በኢምፔሪያሊስት አገር ሊኖር አይገባም ተብሎ በሙሉ ድምፅ እጅ ወጣ፣ ከወንድም አገሮችም መሀል ሀንጋሪ ተመረጠች፣ ምክንያቱም ጓድ አብተው እዚያ ሦስት ወር ተምረው ሾርባውን እስከ ዛሬ ያነሡታል። ቃለ ጉባኤው ተፈረመ፣ ኮምፒዩተሩም ከዚያን ቀን ጀምሮ በሀንጋሪ ኖረ። ያ ሁሉ ነጥብ የተሸከመ ክብና ባርኔጣ ያደረገ ነገር ታዲያ የሀንጋሪ ፊደል ነዋ!

ቆይ ግን፣ የአዲስ አበባው ኮምፒዩተር የት አገር ነው ያለው? እሱ ካልታወቀ ዝም ብሎ አገር ለአገር መንከራተት ሊሆን ነው። ስልክ ተደወለ፣ ቅዳሜ ነው፣ ማንም አላነሣም። ቀመሪያም መሸኛውን ደብዳቤ አነሣች፣ በብርሃን አየችው፣ ገለበጠችው፣ ከላይ በቀኝ በኩል ማሽኑ ራሱ ያተመው የፈረንጅ ቀን አለ፦ 05-18-88 ይላል። ወዲያው በራሷ ማሽን የዛሬውን ቀን ጠየቀች፣ 88-05-21 አላት፣ ዓመቱን አስቀድሞ፣ እንደ ሀንጋሪ ልማድ። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋ ለጓድ አብተው አሳየቻቸው፤ እሳቸውም መነጽራቸውን አውጥተው ምናልባት አሥራ ስምንቱ ወሩ ይሆናላ አሉ።

«ጓድ አብተው፣» አለች ቀመሪያ፣ «አሥራ ሦስት ወር አለን ብለን የምንኮራው እኛ እንኳን አሥራ ስምንተኛ ወር የለንም።»

አሥራ ስምንቱ ቀኑ ነው፣ አምስቱ ወሩ ነው፣ ወር የቀደመው ደግሞ ያ ማሽን የሚኖርበት አገር ወር ስለሚያስቀድም ነው። ወር እያስቀደመ ቀን የሚጽፍ ማሽን ደግሞ ቀመሪያ በዓይኗ አይታለች፤ ይሄው ራሱ፣ ከካርቶን በወጣበት ሳምንት፣ ስብሰባው ሳይጠራ በፊት። የአዲስ አበባው ማሽን ስብሰባ አልተጠራበትም። ከፋብሪካ እንደወጣ አሜሪካ ቁጭ ብሏል። ስሞቹም የተጻፉት በአሜሪካ ሠንጠረዥ ነው፤ ይሄ ማሽን አሜሪካ ካልሄደ አያነባቸውም።

ጋሽ ደገፋ ሄደው መስኮቱን ዘጉ። አደ ዲንቄ መልሰው ከፈቱት።

ጓድ አብተውም ጭንቅ ውስጥ ገቡ። አሥራ አራት ፊርማ ያለበት ውሳኔ ያለ ስብሰባ አይሻርም፣ ቅዳሜ ደግሞ ስብሰባ የሚሞላ ሰው የለም፣ ግማሹ ሶደሬ ወርዷል። ኮምፒዩተሩ አሜሪካ ሄደ የሚል ወሬ ደግሞ ከክብር እንግዳው ጆሮ ቢደርስስ? ለስድስት ሰዓት አሥራ አምስት ደቂቃ ነው የቀረው። ያን ጊዜ ነው መዋኢተ ካርቦን ቀመሪያ እስከ ዛሬ ናዝሬት የሚያወራውን ሐሳብ ያፈለቀችው፦ ሄዶ ይኑር አላልኩም፣ አለች፤ ለሥራ ጉዳይ ደርሶ ይመለስ ነው ያልኩት። ሰው ከከተማ ከተማ ሲሄድ ይለፍ ይጻፍለት የለም እንዴ? ይጻፉለታ።

የጓድ አብተው ፊት እየበራ፣ እየበራ ሄደ፣ ምክንያቱም ይለፍ መጻፍ ማለት ለእሳቸው ለዓሣ እንደ መዋኘት ነው። የመሥሪያ ቤቱ ራስጌ ያለበት ወረቀት መጣ፣ ማኅተም መጣ፣ እንዲህ የሚል ቃል ወጣ፦

«ንብረትነቱ የመሥሪያ ቤታችን የሆነው ኮምፒዩተር ለአስቸኳይ የሥራ ጉዳይ ከሀንጋሪ ወደ አሜሪካ ሄዶ በዛሬው ዕለት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚመለስ ስለሆነ፣ በየኬላው የሚገኙ ጓዶች ሁሉ አስፈላጊውን ትብብር እንዲያደርጉለት እናሳስባለን።»

ከሥሩም መፈክሩ፣ ከመፈክሩ ሥር ፊርማው፣ በፊርማው ላይ ክብ ማኅተሙ። ይለፉም በማሽኑ ጎን ላይ በፕላስተር ተለጠፈ፣ ማንም ቢጠይቅ እንዲታይ።

ያን ጊዜ ቀመሪያ ሻሿን አጠበቀች፣ የማሽኑ አገር የተጻፈበትን ትንሿን ፋይል ከፈተች፣ ዜሮ ሠላሳ ስድስት የሚለውን የሀንጋሪ ቁጥር ደመሰሰች፣ በቦታው የአሜሪካውን ዜሮ ዜሮ አንድ ተከለች፣ አጠፋች። ስታቢላይዘሩ ዝም አለ። እትዬ ዘውድነሽ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አበራች። ማሽኑ ተንጣጣ፣ ተንሾካሾከ፣ አሰበ፣ ዲስኩንም እንደ ጥርስ አፋጨ፣ ፕሮግራሙ አገርህ የት ነው ብሎ ጠየቀው፣ እሱም መለሰለት፣ ከዚያም በስክሪኑ ላይ ከአንድ ጀምሮ እስከ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ፊደል በፊደል ሆነ፣ ሰው በሰው ሆነ፣ አራተኛው ላይ ዲንቄ ሁንዴ ብሎ ቁጭ አለ። ለስድስት ሰዓት ሦስት ደቂቃ ነው የቀረው። ጋሽ ደገፋ በካልሲያቸው ዘለሉ፤ ሲያርፉም አዳለጣቸውና ጓድ አብተው ላይ አረፉ፣ ጓድ አብተውም አልተቆጡም።

ማተሚያው እንደ ልብስ ስፌት መኪና እየተንጫጫ እስከ ስምንት ሰዓት ተኩል አተመ። ለዘጠኝ ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው ኮምፒዩተሩ ከአሜሪካ አንድ ዕቃ እንኳ ሳይገዛ በሰላም ሀንጋሪ ገባ፣ ይለፉም ተነሥቶ በፋይል ታሰረ።

በአዳራሹም ሦስት መቶ አሥራ ሁለቱ ተቀመጡ፣ ጓድ አብተውም ከክብር እንግዳው አጠገብ ቆመው ያድሉ ጀመር። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ወረቀታቸውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፣ ጎንበስ አሉ፣ ሄደው ተቀመጡ። አራተኛዋ አደ ዲንቄ ናቸው። ተቀበሉ፣ ግን አልሄዱም። እዚያው መድረኩ ላይ ቆመው፣ ወረቀቱን ራቅ አድርገው፣ ጣታቸውን ከሥሩ እያስኬዱ ያነቡ ገቡ። ዲ አሉ። ን አሉ። ቄ አሉ። አዳራሹ ሙሉ ይጠብቃል። የአባታቸውን ስም አነበቡ፣ ዓለም ጤናን አነበቡ፣ ቀኑን አነበቡ፣ የክብር እንግዳው ሰዓታቸውን አዩ፣ አደ ዲንቄ ግን ገና ናቸው፣ ታች ወርደው ፊርማው ጋ ደረሱ፣ ከፊርማው ሥር የታተመውን ስም ጀመሩ፣ አ፣ ብ፣ ተ፣ ው፣ ጨረሱት። ቀና ብለውም ጓድ አብተውን ከእግር እስከ ራሳቸው አዩዋቸው።

«አብተው፣» አሉ፤ «ይሄ አንተ ነህ?»

ጓድ አብተው፣ በአምስት ሺህ ሰው ፊት ንግግር ሲያደርጉ እንኳ መጥቶባቸው የማያውቅ እንባ መጣባቸውና፣ አዎ እናቴ፣ እኔ ነኝ፣ አሉ። አደ ዲንቄም ገና አሁን እንደተዋወቁ ሁሉ እጃቸውን ዘርግተው ጨበጧቸው። ይሄን ጊዜ ወረቀታቸውን ተቀብለው የተቀመጡት ሦስቱ ተነሥተው ሰልፉ ጭራ ላይ ተመልሰው ቆሙ፤ እኛም እናነባለን ብለው። ከዚያ በኋላ እስከ መጨረሻው ሰው ድረስ ሳያነብ ከመድረኩ የወረደ የለም። ግማሽ ሰዓት የተያዘለት ሥነ ሥርዓት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አለቀ፣ የክብር እንግዳውም ሰዓታቸውን ማየት ትተው አንዱ ፊደል ሲጠፋበት ጎንበስ እያሉ ያግዙ ነበር። ቀመሪያ የት ነበረች? ከበሩ አጠገብ ከጋሽ ደገፋ ጋር ቆማ፣ አፍንጫዋ ቀልቶ፣ እርሳሴን ያያችሁ እያለች።

ስለዚህ ክብር ለቀመሪያ ዘናዝሬት፣ ለንግሥተ ታይፕ፣ ከነጥብና ከባርኔጣ መሀል ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ነፍስ በስሙ ላወጣች፣ በአንድ ቀን አሜሪካ ደርሳ ሀንጋሪ ለገባች፣ ያውም በካልሲ። ለነገሥታት መለከትና እምቢልታ ይነፋላቸዋል፤ ለእሷ ግን ያን ዕለት ምሽት ላይ ወደ ዓለም ጤና የሚመለሰው አውቶቡስ መስኮቱን ሁሉ ከፍቶ፣ ሥጋ ቤት፣ ፀጉር ቤት፣ ጎሚስታ እያለ፣ የመንገዱን ታፔላ ሁሉ በአንድ ድምፅ እያነበበ ከናዝሬት ወጣ።