ስለ ዝምታ ጥቂት ቃል

በአምቦ ከተማ ታላላቅ ሰዎች ሞልተዋል፤ አንድ ቀን ሙሉ ዝም ለማለት ቆርጠው የተነሱት ግን የጉዞ ማኅበራችን ሊቀ መንበር አቶ እንግዳወርቅ ብቻ ናቸው። ክብር ለሚገባው ክብር እንስጥና፣ ይህ ውሳኔያቸው በማኅበሩ ታሪክ በደማቅ ቀለም ሊጻፍ ይገባዋል። ከእግሩ ሥር ውሃ እየፈላለት ጠበል ፍለጋ ባኮ ድረስ የሚሄድ ሕዝብ፣ ዝምታንም አውቶቡስ ተከራይቶ ቢፈልግ አይፈረድበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው ዲቦራ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ልትፈተን ስትል፣ አቶ እንግዳወርቅ «ኪዳነ ምሕረት፣ ልጄን ካሳለፍሽልኝ በበዓልሽ ቀን ከፀሐይ መውጫ እስከ ፀሐይ መጥለቂያ ቃል ካፌ አይወጣም» ብለው ተሳሉ። ሌላው ሰንጋ ሲሳል፣ ምንጣፍ ሲሳል፣ እሳቸው ካላቸው ሁሉ አብልጠው የሚወዱትን ሰጡ። በዚያ ዓመት ያለፈው ተማሪ በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ዲቦራ አለፈች። እንግዲህ ጉድ ፈላ! ስለቱን ካጎደሉ እመቤታችን የሰጠችውን መልሳ እንዳትነጥቅ አባትየው ከልባቸው ፈሩ።

ዝም እንደሚሉ ለማኅበሩ ለማሳወቅ አስቸኳይ ስብሰባ ጠሩ። ስብሰባው ከምሳ በኋላ ተጀምሮ መብራት ሲበራ አለቀ፤ ተናጋሪው አንድ ነበር። «ዝም አይነቅዝም» አሉ። «ካፍ ከወጣ አፋፍ» አሉ። «በዝግ አፍ ዝንብ አይገባም» አሉ፤ ይህን ሁሉ እስኪሉ ለዝንቧ በቂ ጊዜ ተሰጥቷት ነበር። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሮማነወርቅ ከኋላ ወንበር ሆነው «አሜን» ብቻ አሉ። በማግስቱ ገበያ ወጥተው በጋዜጣ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ይዘው ተመለሱ። አቶ እንግዳወርቅ ምንነቱን አልጠየቁም፤ የጠየቀ ሰው መልሱን መስማት ይጠበቅበታላ።

የካቲት ዐሥራ ስድስት፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ጎህ ሲቀድ ወደ ባኮ ተነሳን። የአውቶቡሱ ማይክራፎን ያለ ጌታው ተሰቅሎ ቀረ። ዓመት በዓመት ሊቀ መንበራችን ከአጠገቡ ሳይለዩ «በስተቀኝ የምትመለከቱት…» እያሉ የተወለድንበትን ሰፈር ያስጎበኙን ነበር። ዘንድሮ ሴቶቹ መዝሙር አወጡ፣ ወንዶቹ አጨበጨቡ፣ ቆሎ ከወንበር ወንበር ዞረ። አቶ እንግዳወርቅ ይህን በጥልቅ ሐዘን ተመለከቱ። ያለ አመራር የሚደረግ ጉዞ እንዲህ ማማሩ ለመጪው ትውልድ መጥፎ ምሳሌ ነው።

ጉደር ላይ ባሰባቸው። በየዓመቱ እዚያ ድልድይ ላይ አውቶቡሱን አስቁመው ስለ ድልድዩ ያብራራሉ። ሾፌሩ ደቻሳ ግን ዘንድሮ ፍጥነቱን እንኳ ሳይቀንስ አለፈው። ዘለው ተነሱና ሁለት እጃቸውን አወናጨፉ።

«ማል ታታን፣ ኦቦ እንግዳወርቅ?» አለ ደቻሳ በመስታወቱ እያያቸው። «ምን ሆኑ? ሆድዎን ነው?»

ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ወደ ኋላ ጠቆሙ፣ ደረታቸውን መቱ።

«ውይ፣ ብሶባቸዋል! አቁም፣ አቁም!» ጮኹ ሴቶቹ። «ግዴለም፣ አይፈሩ፤ ፊታችንን እናዞራለን!»

ማኅበርተኛው በአንድ ድምፅ ፊቱን አዞረ። ሊቀ መንበሩ ምን ያድርጉ? ወርደው ባሕር ዛፍ ሥር ትንሽ ቆሙና፣ ቀበቷቸውን እያስተካከሉ ተመለሱ። ዲቦራ ክንዳቸውን ይዛ አስቀመጠቻቸው።

«በርታልኝ አባዬ፤ እስኪመሽ ነው። ምደባዬ ገና አልወጣም እኮ።»

ልጅቷ ሩቅ አገር ያለ ዩኒቨርሲቲ እንዲደርሳት ሌት ተቀን ትጸልያለች። ለምን እንደሆነ ቤታቸውን የሚያውቅ ሰው አይጠይቃትም።

በማኅበሩ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ቅዳሴ ሳይጀመር ደረስን። በሌላው ዓመት የምንደርሰው ሰው ዳቦውን ይዞ ሲበተን ነበር፤ ምክንያቱን መንገዱ ላይ ስናመካኝ ኖረናል። ከቅዳሴ በኋላ ታቦቱ ወጥቶ ሳለ የስለት ሰዓት ሆነ። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ሕዝቡን ሰንጥቀው ወጡና ጋዜጣውን ፈቱ፤ ባለ ወርቅ ዘርፍ ጥላ ነበር። የደብሩ አለቃ ጎንበስ ብለው ሰሟቸውና ማይክራፎኑን አነሱ።

«እኅታችን ሮማነወርቅ ከአምቦ! ባሌ ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ አንዲት ቀን ዝም ካለልኝ ብላ፣ ከተዳረች ጀምራ ተስላ ኖራ፣ ይኸው ሰምሮላት ጥላ አስገብታለች! እልል በሉ!»

እልልታው ሰማይ ጠቀሰ። ደቻሳ እንኳ ሮጦ ሄዶ የአውቶቡሱን ጥሩምባ ነፋ። አቶ እንግዳወርቅ ፊታቸው ደም መሰለ። ያን ሁሉ ዓመት የመከሩት፣ ያብራሩት፣ ማጠቃለያ የሰጡበት ትዳር! አለቃው ማይክራፎኑን ለዲያቆኑ ሲያቀብሉ አንድ እጅ መሐል ላይ ጠለፈው።

«አባዬ! ምደባዬ!» ብላ ጮኸች ዲቦራ።

«ምእመናን!» አሉ አቶ እንግዳወርቅ። «ስለ ዝምታ ጥቂት ቃል።»

ፀሐይ ገና አናት ላይ ነበረች። ዝምታ ከሰማይ የተሰጠ ጸጋ መሆኑን፣ ይህም ጸጋ በተለይ ለማን እንደተሰጠ፣ ጠዋት ጉደር ላይ ስለ ድልድዩ ሳይሉ የቀሩትን ጨምረው አስረዱ። በመሐል ወይዘሮ ሮማነወርቅ ወደ አለቃው ጠጋ አሉ።

«አባ፣ ቀኑ አልሞላም። ጥላዬን ይመልሱልኝ።»

አለቃው ፀሐይዋን አዩ፣ ተናጋሪውን አዩ፣ ጥላውን አጥፈው ሰጧቸው። «ለከርሞ ያድርስሽ፣ ልጄ።»

ኪዳነ ምሕረት አዛኝ ናት፤ ውጤቱን አልነጠቀችም። ምደባው ሲወጣ ዲቦራን እዚያው አምቦ ዩኒቨርሲቲ መደቧት፤ ከአባቷ ደጅ በባጃጅ የምትመላለስበት። አቶ እንግዳወርቅ ጎረቤት ጠርተው «ልጄን ከጎኔ ሳትለይ! የእመቤቴን ሥራ አያችሁልኝ?» እያሉ አመሹ።

ዲቦራ ጓዳ ገባች። እናቷ ጥላውን አቧራ እንዳይነካው በነጠላ ይጠቀልላሉ።

«እማዬ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «በአንድ ጥላ ለሁለት ሆኖ መሳል ይቻላል?»