አሥራ አንድ ጊዜ የሞቱት እትዬ ኤልፍነሽ

ድሮ ተዋናይ የነበረ ሰው አጠገብዎ ከተቀመጠ ምግብዎ ቀዘቀዘ ማለት ነው። የትም አገር ይሂዱ፣ አንድ አይጠፋም። ባንክ ቤት ቢሰለፉ ከፊትዎ ነው፤ ሐኪም ዘንድ ወረፋ ቢጠብቁ ከጎንዎ ነው። ስለ ዝናብ አንዲት ቃል ከተነፈሱ ደግሞ አለቀልዎ፤ እሱ ዝናብ ውስጥ የተወነውን ትርኢት ከነነጎድጓዱ ሳይጨርስ አይለቅዎትም። ሎስ አንጀለስ ከተማው ሁሉ በዚህ ዓይነት ሰው የተሞላ ነው ይባላል። ለሐበሻው ሰፈር ለፌርፋክስ የደረሱት እትዬ ኤልፍነሽ ናቸው።

ክብርት እትዬ ኤልፍነሽ፣ የብሪታንያ መድረክ ጌጥ፣ የቴሌቪዥን ነርስ፣ የሌለ አገር ንግሥት፣ በየቀኑ ልክ ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ወደ ዳኜ ምግብ ቤት ይገባሉ። መግባት ስንል እንደ እርስዎና እንደ እኔ አይምሰልዎ። በሩን ገፋ አድርገው ደፉ ላይ ይቆማሉ፤ ቤቱ ዞር ብሎ እስኪያያቸው ይጠብቃሉ፤ ቤቱ ዞር ካላለ ይስላሉ። መስኮቱ ሥር ያለችው ጠረጴዛ የሳቸው ናት። ሻያቸው በወተት ነው፤ ወተቱ ከሻዩ በፊት ይቀዳል፤ ይህን ሕግ ሁለቴ የጣሰ አስተናጋጅ ሥራውን ለቆ ሄዷል። ሰው ዝግ ባለ ድምፅ ካናገራቸው መዳፋቸውን ጆሯቸው ላይ ያደርጉና "ሦስተኛው ረድፍ አልሰማም" ይላሉ።

ዳኜ ምግብ ቤቱን ከከፈተ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። የእትዬን ታሪክ መስማት ከጀመረም እንደዚያው። ጨርሶ ሰምቶት ግን አያውቅም። መግቢያውን እንደ ውዳሴ ማርያም ይወጣዋል፦ በዘጠኝ ዓመታቸው ከታላቅ እህታቸው ጋር ከአዲስ አበባ ለንደን ገቡ፤ በዐሥራ ሰባት ዓመታቸው በሰሜን እንግሊዝ አንዲት ጭጋጋም ከተማ ውስጥ፣ ትሪ ይዘው መድረክ ላይ ወጡ፤ "ጌታዬ፣ ሠረገላው ቀርቧል" አሉ፤ ተመልሰው ወረዱ። "ይቺን ሦስት ቃል ሦስት ወር ነው የተለማመድኩት" ሲሉ ዳኜ ብድግ ይላል። "እትዬ፣ ደንበኛ መጣብኝ" ይላል። ደንበኛ ባይመጣም ይላል። በዚህ ምክንያት ያ ሠረገላ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቀርቦ ቆሞ ነበር።

ሌላው ሰው የሚያውቀው ሞታቸውን ነው። እትዬ ኤልፍነሽ በፊልም አሥራ አንድ ጊዜ ሞተዋል፤ በጥይት አራት፣ በበሽታ አምስት፣ አንዴ ከፈረስ ወድቀው፣ አንዴ እሳተ ገሞራ ወስዷቸው። ቆጥሮ የያዘው ጋሼ ዘለቀ ነው። ጋሼ ዘለቀ በተማሪነቱ ዘመን መጥቶ፣ መሐንዲስ ሆኖ፣ ጡረታ ወጥቶ፣ ከዌስት አዳምስ በየቀኑ ድራይቭ እያደረገ ለምሳ የሚመጣ ሰው ነው። "ዛሬስ በምን ሞቱ?" ይላቸዋል። "ዛሬ ኦፍ ነኝ" ይሉታል። ወኪላቸው ጡረታ ከወጣ ዘጠኝ ዓመት አልፎታል፤ ቢሆንም ስልካቸው ከእጃቸው አትለይም፤ "ሊደውሉ ይችላሉ" ይላሉ። እነማን እንደሚደውሉ አይባልም። ያቺን ስልክ ሌላ ሰው ነክቷት አያውቅም።

እንዲህ እየተባለ፣ እየተሳቀባቸውም፣ እሳቸውም አብረው እየሳቁ ዓመቱ ይሄድ ነበር። ዳኜ ዛሬ ሲያስበው ያ ጊዜ ይናፍቀዋል። ያኔ ግን ጠግቦት ነበር፤ ውሸት ምን ያደርጋል።

ባለፈው ሐሙስ ጠዋት፣ ገና ወንበር ሳይወርድ፣ የምግብ ቤቱ ስልክ ጮኸ። የደወለችው ከለንደን ሉሊት ናት፤ የእትዬ ኤልፍነሽ የእህት ልጅ። እናቷ ዕንቁ ረቡዕ ሆስፒታል ውስጥ ዐርፋለች። ሉሊት ዓርብ ምሽት ሎስ አንጀለስ ትገባለች። እስከዚያ አክስቷ እንዳይሰሙ፣ ብቻቸውን እንዳይሰሙ፣ እባካችሁ አለች። ለቅሶዋን እየዋጠች ነበር የምታወራው።

ለዳኜ ይህን መለመን አያስፈልግም። መርዶ በስልክ አይነገርም። ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሊነጋጋ ሲል በር አንኳኩቶ፣ አቅፎ ነው የሚነግረው፤ እስከዚያ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ባለሐዘኑ ብቻ አያውቅም። ዳኜ የአባቱን ሞት የሰማው ከዐሥራ አራት ዓመት በፊት ፍሪዌይ ላይ መኪና እየነዳ ነው። አንድ ወዳጁ የሰማ መስሎት ደውሎ "እንዴት ነህ፣ ጸናህ?" አለው። መኪናውን ዳር አስይዞ መሪውን ጨብጦ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጠ፤ ሌላው መኪና በጎኑ ያልፋል፣ የሚይዘው እጅ አልነበረም። ያ ነገር እስከ ዛሬ አልወጣለትም። እትዬ ኤልፍነሽ ደግሞ ባል የላቸው፣ ልጅ የላቸው፤ አንድ ክፍል አፓርታማ ውስጥ ብቻቸውን ነው የሚያድሩት። እዚያ፣ ብቻቸውን፣ ይህን እንዲሰሙ ዳኜ በሕይወቱ አይፈቅድም።

ባለቤቱን እታለምን ከኩሽና ጠራ። ጋሼ ዘለቀን በስልክ አስመጣ። ሃውቶርን ሰፈር ከቤቱ አጠገብ የሚኖረውን ተመስገንንም ጨመረ። ሁለት ቀን ማስመሰል ነበረባቸው። ለማን ቢሉ፣ ዕድሜ ልካቸውን በማስመሰል እንጀራ ለበሉ ሰው።

ሥራ ተከፋፈሉ። እታለም የእትዬን ስልክ ትወስዳለች። ጋሼ ዘለቀ ይጫወታል፣ ይስቃል። ተመስገን ጴንጤ ነው፤ "እኔ አልዋሽም" አለ። አትዋሽ፣ ዝም ብለህ ተቀመጥ ተባለ። የዳኜ ድርሻ እትዬን ከጠረጴዛቸው አለማስነሣት ሆነ፤ መንገድ ላይ አንዱ አፈ ፈጣን አግኝቷቸው "ጽናቱን ይስጥዎ" እንዳይላቸው። እሳቸውን እስከ ማታ የሚያስቀምጥ አንድ ነገር ብቻ ነው ያለው፤ ሁሉም ያውቁታል።

ስድስት ሰዓት ተኩል ሲሆን እትዬ ኤልፍነሽ በሩን ገፍተው ቆሙ። ቤቱ በሙሉ፣ አንድም ሰው ሳይቀር፣ በአንድ ጊዜ ዞረ። መሳል አላስፈለጋቸውም። ገና ሳይቀመጡ እታለም መጣችና "እትዬ፣ ስልክዎ አፕዴት ይፈልጋል፣ ልሥራልዎ?" አለች። ትንሽ አይተዋት ከቦርሳቸው አውጥተው ሰጧት። ሻዩ መጣ፤ በድንጋጤ ወተቱ መጨረሻ ላይ ነው የተቀዳው። ጠጡት። ዳኜ ወንበር ሳበና በሃያ ሁለት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ እዚያች ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ።

"እትዬ፣ ዛሬ ደንበኛ የለብኝም። እስቲ ከመጀመሪያው ይንገሩን" አለ።

እትዬ ኤልፍነሽ እሱን አዩ። ከኋላው ከአፍ እስከ ገደፉ የሞላውን ቤት አዩ። ስኒያቸውን በቀስታ አስቀመጡ።

"እንግዲያው ከእህቴ እጀምራለሁ" አሉ።

ያን ዕለት ሠረገላው ተነሣ። ዕንቁ ለንደን ውስጥ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነበር የምትሠራው። ማታ ማታ የቤቱን ልብስ እየተኮሰች ታናሿን ቃለ ተውኔት ታስጠናለች፤ ንጉሡም፣ ገዳዩም፣ አረጋዊቷ ሞግዚትም እሷ ናት። ትምህርት ቤት አልገባችምና እንግሊዝኛውን የተማረችው ከዚያው ነው። ሥጋ ቤት ስትሄድ "አንተ ታማኝ አገልጋዬ፣ ግማሽ ኪሎ ከጭኑ" ትላለች፤ ሥጋ ሻጩም እጅ ነስቶ ያስረክባታል። እትዬ ከቡድኑ ጋር ዘጠኝ ዓመት ከከተማ ከተማ በባቡር ሲዞሩ፣ በየከተማው ትርኢቱ በሚያበቃበት ማታ ሁሉ ዕንቁ ምግብ በሳህን ቋጥራ ትደርስ ነበር። ሁልጊዜ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ትቀመጣለች። ከዚያ ከቀረቡ የተዋናዩ የፊት ቀለም ይታያል፣ ከራቁ ዓይን አይታይም ትላለች። ዳኜ ይህን ሲሰማ አንገቱን ደፋ። በዚያች ሦስተኛ ረድፍ ሃያ ሁለት ዓመት ስቋል።

የሌሎቹ ትወናስ? አይነሣ። ጋሼ ዘለቀ ሳቅ ስለታዘዘ፣ እትዬ በሳንባ ምች ተኝተው ዕንቁ አሥራ ሁለት ሌሊት አጠገባቸው ቁጭ ብላ ማደሯን ሲናገሩ ከት ብሎ ሳቀ። እታለም ዓይኗ ቀልቶ ከኩሽና ብቅ ስትል ምን ሆነሽ ተባለች፤ ሽንኩርት ነው አለች፤ በእጇ የያዘችው ካሮት ነበር። ዓርብ ዕለት ተመስገን ከሥራ መጥቶ እጁን እትዬ ትከሻ ላይ አሳረፈና ዓይኑን ጨፈነ። ቆየ። ምን እያደረግህ ነው ሲሉት እየጸለይኩ ነው አለ። ስለ ምን ሲሉት ስለ ሁሉም አለ። ይህም ውሸት አልነበረም።

እትዬ ኤልፍነሽ ግን አንዱንም አላረሙም። ሰው በተሳሳተ ቁጥር ካላረሙ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሴት፣ ያን ሁለት ቀን ሁሉን በይሁን አለፉ። ቴሌቪዥን ላይ ስድስት ዓመት ነርስ ሆነው የሠሩትን ተረኩ፤ የመርፌ አያያዙን ያሳየቻቸው ዕንቁ ናት፣ ከሆስፒታሉ ነርሶች ለምና ተምራ። ወደ አሜሪካ ለፊልም ሲጠሩ አልሄድም ብለው ያለቀሱትን ተረኩ፤ ሻንጣቸውን ያሰረችው ዕንቁ ናት።

ዓርብ ከሰዓት ወደ ትልቁ ደረሱ። ገና አሜሪካ ሳይመጡ፣ ለንደን፣ ትልቅ ቲያትር ቤት፣ ያረጀች ንግሥት ሆነው። የመጀመሪያው ቀን ሁለተኛው ገቢር ላይ ቃሉ ጠፋባቸው። ስምንት መቶ ሰው ጸጥ ብሎ ይጠብቃል። መድረክ ላይ ያለ ዝምታ ሌላውን ዝምታ ሁሉ ያስንቃል አሉ። ያን ጊዜ ከታዳሚው መሐል አንዲት ሴት ተነሣች፤ ሳትቸኩል፣ ሳትሳሳት፣ አማርኛ ለዛ ባለው እንግሊዝኛዋ የንግሥቲቱን ቃል ከዳር እስከ ዳር አለችው። ንግሥቲቱም ተቀብላ ቀጠለች። በማግሥቱ ጋዜጣው የተውኔቱን አዘጋጅ አሞገሰ፤ የሕዝቡን ድምፅ ከታዳሚው መካከል ማስነሣቱ ጥልቅ ሐሳብ ነው አለ። አዘጋጁ ምን ያድርግ? ዕንቁን ለመናት። አራት ወር ሙሉ ከልብስ ማጠቢያው ወጥታ፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ በየማታው ተነሥታ ተናገረች።

"ፕሮግራሙ ላይ ስሟ የለም" አሉ እትዬ ኤልፍነሽ። "ሁሉም አለ፤ ፀጉር የሠራው እንኳ አለ። የሷ የለም።"

ምግብ ቤቱ ውስጥ የሚያኝክ ሰው አልነበረም። ዳኜ እያስመሰለ መሆኑን ከረሳ ቆይቷል። ይህን ሁሉ ዓመት ወዴት ነበር ብድግ ብዬ የምሄደው ብሎ ራሱን ታዘበው።

ማታ ቤታቸው ድረስ ሸኛቸው። ከዚያ ሉሊትን ከአውሮፕላን ጣቢያ ተቀብሎ ሃውቶርን እቤቱ አሳደራት። ቅዳሜ ገና ጎህ ሲቀድ ስምንት ሆነው የእትዬን ደረጃ ወጡ። እታለም ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛለች። ዳኜ እንዴት ብዬ ነው የምጀምረው ይላል። አንዴ አንኳኳ፤ ሁለተኛውን ሳይደግም በሩ ተከፈተ።

እትዬ ኤልፍነሽ ጥቁር ለብሰዋል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ከኋላቸው አልጋው ወደ ጥግ ተገፍቷል፤ ከጎረቤት የተለመኑ ወንበሮች ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል፤ ፔርሙዝና ስኒ ቀርቧል።

"ግቡ" አሉ። "ልጇስ የታለች?"

ሉሊት ከመሐል ወጣች። አቀፏት፤ ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት። አሥራ አንዱም ሞት ላይ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ረጅም ንግግር አድርገዋል። አሁን ንግግር አልነበረም። ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው "እህቴን፣ እህቴን" ብቻ ይላሉ፤ ሴቶቹ ከግራና ከቀኝ ይዘዋቸዋል።

ለቅሶው በረድ ሲል ዳኜ አጠገባቸው ቁጭ አለ። መቼ እንዳወቁ ጠየቃቸው።

"ሐሙስ። ቤቱ ሞልቶ ደንበኛ የለብኝም ስትለኝ።"

"ማን እንደሆነችስ እንዴት አወቁ?"

"ማን አለኝ ሌላ?"

ዳኜም፣ ታዲያ ይህን ሐዘን ይዘው ሁለት ቀን ሙሉ እንዴት ሲያወሩ ዋሉ፣ ለምን ዝም አሉን አላቸው። እትዬ ኤልፍነሽ እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ።

"ያኔ ባለቅስ አብራችሁኝ ታለቅሱ ነበር፣ ለኔ ስትሉ። እሷን ግን አታውቋትም። ሳታውቋት እንድታለቅሱላት አልፈለግኩም።"

በዚህ መሐል እታለም ድምፅ አውጥታ ማልቀስ ጀመረች። ዕንቁን በስሟ ትጠራለች። በካውያዋ፣ በባቡሩ፣ ሳታወልቀው በቆመችበት ካፖርት ትጠራታለች። ሴቶቹ ይቀበሏታል። ጋሼ ዘለቀ በመሐረብ ፊቱን ሸፍኖ ትከሻው ይርገፈገፋል፤ ተመስገን ግድግዳውን ተደግፎ እየነፈረቀ ነው።

ሉሊት ዙሪያዋን አየች። አንድም የምታውቀው ሰው የለም። ወደ ዳኜ ጠጋ አለችና በተሰባበረ አማርኛዋ ለንደን ኖራችሁ ነበር ወይ፣ እናቴን የት ነው የምታውቋት አለችው።

ዳኜ አፍንጫውን ጠረገ።

"ሐሙስ ዕለት ነው የተዋወቅናት" አላት።