በክርስትና ስም የወጣ መንጃ ፈቃድ

በአገራችን ሰው መሆን ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው ሰው መሆንን በወረቀት ማስረዳቱ ነው። እናንተ እኔን በዓይናችሁ አይታችሁ "ይሄ ሰውዬ አለ" ትላላችሁ። መዝገብ ቤት ግን ወረቀት ካላየ አያምንም።

ጎረቤቴ ደሳለ ለምሳሌ አልነበረም። በደርግ ጊዜ ወታደር ሆኖ ኦራል የጭነት መኪና ሲነዳ ኖሯል፤ የላስታን ጠመዝማዛ መንገድ ዓይኑን ጨፍኖ ይወጣዋል ብል አላጋነንኩም። መታወቂያ ግን የለውም። የላሊበላው ቀበሌያችን "ከትውልድ ቦታህ መሸኛ አምጣ" ይለዋል፤ ትውልድ ቦታው ኩልመስክ ሲወርድ ደግሞ "ፋይልህ በጦርነቱ ግርግር ጠፍቷል" ይሉታል። ያለ መታወቂያ ደግሞ መንጃ ፈቃድ የለም። ሚኒባስ ያስያዘው ባለሆቴል "እስከ ገና መንጃ ፈቃድ ካላመጣህ ቁልፉን ለሌላ እሰጣለሁ" ብሎታል። ደሳለ አራት ልጆች አሉት፤ ከልቤ አዘንኩለት።

ታዲያ ደግ መመሪያ መጣ፤ መታወቂያ የሌለው ሰው ማንነቱን ሦስት ምስክሮች ካረጋገጡለት መንጃ ፈቃድ ያገኛል፤ የሦስቱ ቃል ግን አንድ መሆን አለበት። ደሳለ እኔን፣ ጎረቤታችንን አቶ ሙሉንና የንስሐ አባቱን መምሬ ካሳን ይዞ መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ገባ። ቄስ ሲጨመርበት ምስክርነቱ ይጠነክራል ብለን ነበር።

ጸሐፊዋ በአክብሮት ከመምሬ ጀመረች።

"አባ፣ ይህን ሰው ያውቁታል?"

"እንዴት አላውቀው ልጄ? የንስሐ ልጄ እኮ ነው።"

"ስሙን ይንገሩኝ።"

"ገብረ መስቀል።"

እኔና አቶ ሙሉ ተያየን። ደሳለ ጠጋ አለና "አባ፣ የዓለሙን ስሜን ነው የጠየቀችዎ" አላቸው ቀስ ብሎ።

"መስቀሌን ይዤ ነው የምመሰክር" አሉ መምሬ። "እግዜር በሚያውቅህ ስም ነው የምጠራህ።"

ጸሐፊዋ ጽፋ ጨርሳ ወደ እኔ ዞረች። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር? ቄስን ማሳበል ነውር ነው፤ የደሳለ እንጀራ ደግሞ በእኔ ቃል ላይ ቆሟል። "ገብረ መስቀል ነው፤ ሃያ ዓመት አውቀዋለሁ" አልኩ። ስሙን ከሰማሁ አምስት ደቂቃ አልሞላኝም። አቶ ሙሉም ደገመው።

መንጃ ፈቃዱ ለገና ደረሰ። ቀበሌያችንም መንጃ ፈቃዱን አይቶ መታወቂያ ሰጠው፤ በዚያው ስም።

በበዓሉ ማግስት ደሳለ ምዕመናን ጭኖ ወደ ገነተ ማርያም ሲሄድ እኔም ከጎኑ ነበርኩ። ትራፊክ ፖሊስ አስቆመን። መንጃ ፈቃዱን ተቀብሎ "ገብረ መስቀል" ሲል ጮክ ብሎ ጠራ። ደሳለ በዚያ ስም የሚጠራው መስቀል ሊሳለም ሲቀርብ ብቻ ነው። ባርኔጣውን አወለቀና በመስኮቱ አንገቱን አውጥቶ ግንባሩን ሰጠ። ፖሊሱ ግራ ገባው። ዙሪያውን አየት አደረገና እጁን ወደ ላይ አነሳ፤ እለፍ ለማለት ይሁን ለመባረክ እስካሁን አልገባኝም።

እኛ ግን አሜን ብለን አለፍን።