ስኳር ሲጠፋ የሳቀች ልጅ

በእኛ ጊዜ ድብርት ለልጅ አልተፈቀደም ነበር። ደመወዝ ያለው፣ ሚስት ያለው፣ ቢያንስ ጢም ያለው ሰው የሚይዘው በሽታ ነው። ልጅ ከፋው ከተባለ ወይ ርቦታል፣ ወይ ዐይን ወግቶታል፣ ወይ ጠግቧል፤ ለሦስተኛው መድኃኒቱ አለንጋ ነው። አሁን እናንተ ልጃችሁ ቢያኮርፍ ሐኪም ዘንድ ትሮጣላችሁ። አልፈርድባችሁም።

ታላቅ እህቴ ሐያት ዐሥር ዓመት ሲሞላት ሳቋ ጠፋ። የድሬዳዋ ፀሐይ የማያደክማት፣ በቀበሌያችን የሕፃናት ኪነት ድምፅዋ ከሁሉ ቀድሞ የሚሰማ ልጅ፣ ግድግዳ ተደግፋ መዋል ጀመረች። ስንጠራት አትመልስም፤ አንዳንዴም እንዲያው ታለቅሳለች። የምትሞትብኝ መስሎኝ ፈራሁ። የቀበሌው ሊቀመንበር ግን ሌላ ነገር ነው የታየው። እናቴን አስጠርቶ፣ «ልጅሽ ስለ ድላችን ሲዘመር ፊቷን የምታጠቁረው ቤት ውስጥ ምን እየሰማች ነው?» አላት። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ መልሱ ሳይሰማ ሰው ያሳስር ነበር።

በማግስቱ እናቴ እኔን አስከትላ ሐያትን ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ድሬሰሩ፣ ሥራ ያደከማቸው ሽማግሌ፣ የታችኛውን የዐይኗን ቆብ ገለጥ አድርገው አዩና፣ «ደም አንሷታል። ደም ያነሰው ልጅ ሆድ ይብሰዋል። ጉበትና ምስር አብያት። ሻይ ግን ከምግብ ጋር እንዳትሰጫት፤ ከምግቡ የምታገኘውን ይሻማታል» አሏት።

ከምክሩ ቤታችን የደረሰው ግማሹ ነው። እናቴ ቀፊራ ገበያ ቲማቲም ሸጣ ጉበት ትገዛለች፤ ሐያት ትበላለች፤ ወዲያው ያ የጠቆረ ሻይ ይከተላል። እናቴን ሳስታውሳት፣ «አቦ፣ ጉበት ያለ ሻይ በምን ይወርዳል?» ትለኛለች። የለመደ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ ይባል የለ? ሦስት ወር ሙሉ ከሐያት ማዕድ ተሰረቀ፤ ሐያትም ከግድግዳዋ አልተላቀቀችም።

በዚህ መሀል ከኅብረት ሱቁ ስኳር ጠፋ። የኮንትሮባንዱም በፍተሻ ደረቀ። ያለ ስኳር ሻይ መጠጣት ደግሞ ለእናቴ ከመታመም አይለይም፤ በራዳችን መደርደሪያ ላይ ተደፍቶ ከረመ። ድሬሰሩ ያቃታቸውን እጥረቱ ቻለው።

ሁለት ወር ገደማ ሲሆነን ሐያት መዝለያ ገመዴን ቀምታኝ መዝለል ጀመረች። እያለቀስኩ ደስ አለኝ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ እሷን አየች፣ ዞራ የተደፋውን በራድ አየች። የድሬሰሩ ቃል የገባት ያን ጊዜ ነው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ሐያት እንደ ድሮዋ ዘመረች። ሊቀመንበሩ ደስታውን አልቻለም። «እስቲ፣ ልጅሽን ምን እንዳዳናት ለሰፊው ሕዝብ ንገሪ!»

እናቴ ተነሥታ ሻርፗን አስተካከለች። «ወላሂ፣ አብዮቱ ነው» አለች። ጭብጨባው ቀለጠ።

ቤት ስንገባ፣ «እማ፣ በአላህ ስም ትዋሻለሽ?» አልኳት።

«ምን ዋሸሁ?» አለችኝ፣ ባዶውን የስኳር ጣሳ እያሳየችኝ። «ይኼን ባዶ ያደረገው ማን ሆነና?»