የእትዬ ትርንጎ እጅ ጽሑፍ

ትናንት ምሳ በልቼ ወንበሬ ላይ እንደተደገፍኩ ሸለብ አደረገኝና ሕልም አየሁ። እዚሁ ደሴ፣ የምሠራበት ማተሚያ ቤት ውስጥ ነኝ። ደንበኞቹ ግን ፊደላት ናቸው፤ የሚታተመው ደግሞ ሰው።

አንዲት ቀጭን «ቀ» በአንድ እግሯ እያነከሰች ገባችና፣ «ለሠርግ ካርዴ የሚሆን ሰው እፈልጋለሁ» አለችኝ።

«ምን ዓይነት ሰው?»

«ቀጠን ያለ፣ ወደ ቀኝ ዘንበል የሚል። ወፍራም ሰው ለማስጠንቀቂያ ነው የሚሆነው።»

ከመደርደሪያው አንድ ሸንቃጣ ሰውዬ አውርጄ አሳየኋት። ሰውዬው ክራቫቱን አስተካከለ። ወደደችው።

ዘወር ስትል አወቅኳት። አራተኛ ክፍል አማርኛ ያስተማሩኝ የእትዬ ትርንጎ እጅ ጽሑፍ ናት። አምና ከአሮጌ ደብተራቸው ፊደላቱን አንድ በአንድ እየቀዳሁ ለኮምፒውተር ያዘጋጀኋቸው እኔ ነኝ። ለሠርግ ካርድ፣ ለፀጉር ቤት ታፔላ፣ ለማር ጠርሙስ፣ ተለቅ ተደርገው ሲጻፉ የሚያህላቸው የለም።

«እግርሽን ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት።

«አንተው ሰብረኸኝ! የመድኃኒት ካርቶን ላይ ሩዝ አሳክለህ ደረደርከን። እኛ እኮ ሲያሳንሱን እንሰበራለን።»

«ይቅር በይኝ፤ ቦታ ጠቦኝ ነው።» የእውነት አፈርኩ።

ይቅርታዬን ሳልጨርስ ማተሚያ ቤቱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሆነ። ኃላፊዎቹ ፎርም ይዘው ተሰልፈዋል። መስኮቱ ውስጥ የተቀመጡት እትዬ ትርንጎ ናቸው።

«እባክዎ እትዬ፣ ለእኔም ይፈርሙልኝ፤ ከጠዋት ጀምሮ ቆሜያለሁ» አለ አንዱ ኃላፊ፣ ማኅተሙን እንደ ሕፃን አቅፎ።

«ና የኔ ልጅ፣ ማነው ያስለቀሰህ?» አሉና ብዕራቸውን ሳያነሱ በአንድ ትንፋሽ ፈረሙለት። ፊደላቱ ከወረቀቱ እየዘለሉ ወርደው ጉልበታቸውን ሳሙ። «ቀ»ም እግሯን ዘረጋች፤ በብዕራቸው አንዴ ነካ ሲያደርጓት ዳነች።

እኔም ልስም ጎንበስ ስል አንድ እጅ ትከሻዬን ነቀነቀኝ።

«ይማም፣ ተነሥ እንጂ! እናቴ ቆማለች።»

የእትዬ ትርንጎ ልጅ፣ ሉባባ ናት። እትዬ ከጎኗ ቆመዋል፤ ቀኝ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ሉባባ የጡረታ ፎርም ዘረጋችልኝ። ፊርማቸው ከድሮው ጋር አይመሳሰልም ተብሎ ከመሥሪያ ቤቱ ሦስት ጊዜ ተመልሷል።

«እጄ እምቢ አለኝ፣ ልጄ» አሉ እትዬ። «አንተ ጋ ያለው ግን አሁንም ይጽፋል አሉ። እስቲ ስሜን ጻፍልኝ።»

ጻፍኩና አትሜ ሰጠኋቸው። ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ብዙ አዩት።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አሉ።

«በማሽን የተጻፈ አንቀበልም ብለዋል እኮ፣ እማዬ» አለች ሉባባ።

የታተመውን ስም ከፎርሙ ሥር አድርጌ የመስኮቱ መስታወት ላይ ለጠፍኩት። በፀሐዩ ብርሃን ስሙ ፎርሙን አልፎ ታየ። ብዕሩን አስያዝኳቸውና እጃቸውን በእጄ ደግፌ በላዩ ላይ ቀስ እያልን አብረን መሄድ ጀመርን። «ት»ን ለመጨረስ ብቻ ሦስት ጊዜ አረፍን።