እኛ አስራ አንደኛ ክፍል ነን

ልጅ አስራ አንደኛ ክፍል ሲገባ ወላጁም አብሮ የሚገባ አይመስላችሁም? እዚህ መርሳ ከተማ ጎረቤቴ የሆነው ባጃጅ ነጂው ሰይድ ገብቷል። «ለከርሞ እኮ ማትሪክ ተፈታኝ ነን!» ይለኛል። ማታ ጥያቄ እያወጣ እንዲጠይቃት ልጁ ዘይነባ ደብተሯን እያነበበች ስልኩ ላይ ትቀዳለታለች፤ እሱም ቀን በዘፈን ፈንታ ይከፍተዋል።

ባለፈው እኛን ተሳፋሪዎቹን ይዞ፣ ስለ ልብ አሠራር እያዳመጠ ገበያውን አሳልፎን ነጎደ። «ወራጅ አለ!» ብንል ማን ሰምቶ! ትምህርት ቤቷ በር ላይ ስንደርስ ዘይነባ ወረቀት እያውለበለበች ሮጣ መጣች።

«አባ! በባዮሎጂ አንደኛ ወጣሁ!»

ሰይድ ዘሎ ወርዶ አቀፋት። «አልሐምዱሊላህ! አንደኛ ወጣን!» እኛም መውረጃችንን ረስተን እልል አልን።

«ሐኪም ልንሆን ነው በያ?»

«የለም አባ፣ እኔስ ኢንጂነር ነው የምሆነው።»

«እሺ» አላት ስልኩን እያቀበላት፤ «ፊዚክሱን ከመጀመሪያው ምዕራፍ ቅጂልኝ።»