ክብርት ቃል አቀባይ

ሕመምተኛ ባለበት ሁሉ፣ ስለ ሕመምተኛው የሚመልስ ሰው አይጠፋም። ሐኪሙ «ምንህን ነው የሚያምህ?» ሲል የታመመው አፉን እስኪከፍት የማይጠብቅ፣ «ሆዱን ነው ዶክተር፤ ድሮም አያኝክም» ብሎ የሚቀድም ሰው ማለቴ ነው። አክስት ሊሆን ይችላል፣ የሥራ ባልደረባም ሊሆን ይችላል። በእኛ ሰፈር ይህን ከባድ ኃላፊነት የተሸከሙት ክብርት ቃል አቀባይ ናቸው። ማንም አልመረጣቸውም፤ ሊያወርዳቸው የቻለም የለም።

ክብርት ቃል አቀባይ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ስልከኛ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰውን ወሬ ከሰው ሲያገናኙ፣ መሀል ገብተው አንዲት ቃል እንዳይተነፍሱ ደንቡ ከልክሏቸው ኖረዋል። ጡረታ በወጡ ማግስት የታቆረው ሁሉ ግድቡን ጣሰ። የፈሰሰውም ወደ ጤና ጣቢያው ነው።

«እሱ ዓይን አፋር ነው፤ እኔ ልናገርለት» ይላሉ፣ ወንበር ስበው እየተቀመጡ።

እኔን ጉልበቴን አሞኝ ይዘውኝ የሄዱ ቀን፣ እንቅልፍ እንደሌለኝ፣ ጨው እንደማበዛ፣ እናቴም በነርቭ ትሰቃይ እንደነበር ለሐኪሙ አስረድተው፣ የሰገራ ምርመራ አሳዝዘውልኝ ወጣን። ጉልበቴን ያየልኝ የለም። ጎረቤታችን ሜካኒክ ጥርሱን ሊያስነቅል አፉን በልቅጦ ተዘርግቶ እያለ «አላመመውም፣ ይቀጥሉ» ያሉትም እሳቸው ናቸው። ሜካኒኩ እስከ ዛሬ ሰላም የሚላቸው በአንገቱ ብቻ ነው። የሰፈሩ ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚደብቀው ከእሳቸው ነው።

መታጠፊያው ላይ ያለችው ልብስ ሰፊ መስማት የተሳናት ናት፤ ባሏ አናጢውም እንደዚያው። ትምህርት ቤት ብዙ ስላልቆየች ቁጥርና ልኬት እንጂ ዓረፍተ ነገር አትጽፍም። ሰፈሩ ከእሷ ጋር የሚግባባው በጣትና በቅንድብ ነው። ለቀሚስ ርዝመት ይበቃል፤ ለሕመም ግን አይበቃም። የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ጊዜ ብቻዋን ጤና ጣቢያ ሄዳ ራሷንና ዓይኗን በጣቷ አሳየች። የራስ ምታት ክኒን ሰጥተው ሸኟት። ልጁ ሆዷ ውስጥ ሞተ። ከዚያ በኋላ የስፌት መኪናዋ ድምፅ ለረጅም ጊዜ አልተሰማም።

ሁለተኛውን ስታረግዝ ክትትል ጀመረች። ጤና ጣቢያው ተራ የሚጠራው በስም ነው፤ በር ላይ ቆመው ይጮኻሉ። እሷ አትሰማም፣ ተራዋ ያልፋል። ከዚያ «የት ነበርሽ?» ብለው ይቆጧታል፤ እሱንም እየጮኹ፣ አለመስማት ማለት መራቅ ይመስል። ክብርት ቃል አቀባይ ይህን የሰሙ ቀን ሻርፓቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው «ከእንግዲህ እኔ አለሁላት» አሉ። እኛም ለልጅቷ አዘንን።

ቀጥሎ የሆነውን የነገረችን ራሷ አዋላጇ ነርስ ናት። ለጠየቀችው ሁሉ የመለሱት ክብርትነታቸው ናቸው። ትበላለች? «በደንብ።» ትተኛለች? «እንደ ድንጋይ።» የሚያስቸግራት ነገር? «ትንሽ ማቅለሽለሽ ነው፤ እኔ አውቃለሁ።» ልብስ ሰፊዋ ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ ስታይ ቆየችና ጠረጴዛውን በመዳፏ ጧ አደረገችው። ከዚያ የማይታይ መርፌ አነሳች። የማይታየውን ክር በምራቋ አርጥባ አስገባች። የክብርት ቃል አቀባይን ከንፈር ከጥግ እስከ ጥግ ጥቅጥቅ አድርጋ ሰፋችና ክሩን ቋጥራ በጥርሷ በጠሰችው። ነርሷ ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። ክብርት ቃል አቀባይ አልሳቁም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፃቸው ጠፋ። ታመው ነው ብለን ልንጠይቃቸው ብንሄድ ቤቱ ዝግ ነው። ኋላ ነው የሰማነው። መስማት የተሳናቸው ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ለወላጆች የምልክት ቋንቋ ያስተምራል፤ ክብርት ቃል አቀባይ እዚያ የሕፃናት ወንበር ላይ፣ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ደርሶ፣ ተቀምጠዋል። መምህሩ ከሁሉ አስቀድሞ የነገራቸው አንድ ነገር ነው፦ «እትዬ፣ የእርስዎን አይጨምሩ። እሷ ያለችውን፣ እሷ እንዳለችው።» ይህቺን ለመማር ከፊደሉ ሁሉ የበለጠ ጊዜ ወስዶባቸዋል።

የሚለማመዱት በእኛ ላይ ነበር። ሱቅ ተሰልፈው እጃቸው አያርፍም፤ ከኋላቸው የቆመ ሰው በክርናቸው ይደቆሳል። አናጢውን «ሚስትህ ባለሙያ ናት» ሊሉት ፈልገው «ሚስትህ ቁም ሳጥን ናት» አሉት። አናጢው ቁም ሳጥን የሚወድ ሰው ስለሆነ አልተቀየማቸውም። ልብስ ሰፊዋም ሥራ ስትፈታ ጣታቸውን አንድ በአንድ እየያዘች ታርማቸዋለች፤ ሲብስባት በመለኪያ ገመዷ ሸንቆጥ ታደርጋቸዋለች። እንዲህ እንዲህ እያሉ ወራት አለፉ።

እርግዝናው ስምንት ወር እንዳለፈው፣ አንድ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ራሷን በሁለት እጇ ይዛ የክብርት ቃል አቀባይን በር በእግሯ መታች። ታክሲ እንዳመጣ ተጠራሁና አብሬ ሄድኩ። ነርሷ ስታየን ዓይኗ እንደ ልማዱ ወደ ክብርትነታቸው ሄደ።

«ምን ሆና ነው?»

አፋቸው ተከፈተ፤ አይቻለሁ። ከዚያ ተዘጋ።

«እኔን አይደለም፤ እሷን ጠይቂያት» አሉ። «ዓይኗን እያየሽ።»

ነርሷ ዞረች። የልብስ ሰፊዋ እጆች መናገር ጀመሩ፤ ክብርት ቃል አቀባይም ከጎኗ ቆመው፣ ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ተከተሏት።

«ራሴን ያመኛል። ከትናንት ጀምሮ ነው፤ አልለቀቀኝም። ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልብኛል። እዚህ፣ ከጎድኔ ሥር፣ ይወጋኛል። በፊትም ልክ እንዲህ ነበር። ነግሬያችሁ ነበር፤ ማንም አልገባውም። ልጄ ሞተ።»

ለአፍታ ግራ ገባኝ። ክብርት ቃል አቀባይ የሰው ሕመም ሲናገሩ «እሱ» እና «እሷ» እንጂ «እኔ» ብለው አያውቁም። ድምፁ የእሳቸው ነው፤ «እኔ» ያለችው ግን እሷ ናት። ነርሷ የልብስ ሰፊዋን እጅ ያዘች።

«አሁን ገብቶኛል» አለቻት፣ ቀስ ብላ፣ ሳትጮኽ።

ነርሷ የደም ግፊቷን ለካች፤ ከመጠን በላይ አሻቅቧል። ወዲያው መርፌ ተወጋች፣ አምቡላንስ ተጠራ። ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ ክብርት ቃል አቀባይን «የቤተሰብ አባል ነዎት?» አላቸው።

«እኔ ማንም አይደለሁም። እሷን ያነጋግሯት» አሉት።

ይህን ሲሉ የሰማሁት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ሰፈር ውስጥ የሚያምነኝ አላገኘሁም። ልብስ ሰፊዋ የሚደረግላትን ሁሉ ራሷ ጠይቃ፣ ራሷ ተረድታ፣ ራሷ ፈቅዳ ኦፕሬሽን ክፍል ገባች። ሴት ልጅ ተወለደች። ከሁለት መዳፍ ብዙም አትበልጥም፤ ግን እናትም ልጅም ደህና ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ጤና ጣቢያው ማክሰኞ ጠዋትን መስማት ለተሳናቸው ሰዎች ለየ። ተራው የደረሰ ሰው ትከሻው ይነካል እንጂ ስሙ አይጠራም። ነርሷም ቅዳሜ ቅዳሜ በተራዋ የሕፃናት ወንበር ላይ መቀመጥ ጀምራለች። እኛ በአካባቢው ያሉት ባልና ሚስቱ ብቻ ይመስሉን ነበር። ወሬው ሲሰማ አግዳሚው ሞላ፤ ለካ ከቤት አይወጡም እንጂ ብዙ ናቸው። አንድ ሽማግሌ ለዓመታት ሲውጡት የኖሩት ክኒን ለምን እንደሆነ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቁ። ክብርት ቃል አቀባይ ጥያቄውን ለሐኪሙ፣ መልሱን ለሽማግሌው አደረሱ፤ ሌላ ትንፍሽ አላሉም።

እኛ መስማት የምንችል ሕመምተኞች ግን ምንም ለውጥ አላየንም። በቀደም ለሳል ሄጄ እንደማንኮራፋ ተናግረውብኛል።

ሕፃኗ ትሰማለች። ነርሷ ከኋላዋ ስታጨበጭብ ክው ብላ ደነገጠች፤ እናትና አባት ያንን አይተው ተያዩ። በዚያው ሳምንት ልጃቸውን ታቅፈው ክብርት ቃል አቀባይ ቤት መጡ፤ እኔ የተበላሸ ሶኬት እየጠገንኩላቸው ነበር። አናጢው በእጁ ብዙ ተናገረ፤ ሚስቱ ጨመረችበት። ክብርት ቃል አቀባይ አልተረጎሙልኝም። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

«እትዬ፣ ምን አሉ?»

በሻርፓቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

«እትዬ?»

«ቤታችን ውስጥ የሚያወራ የለም፤ ልጃችን ንግግር ከየት ትስማ አሉ» አሉኝ በመጨረሻ። «በየቀኑ እየመጡ ያውሩላት አሉኝ። እንደ ልብዎ፣ አሉኝ።»

እንደ ልብዎ ያውሩ ያላቸው ሰው ከዚያ ቀን በፊት አልነበረም።

አሁን ከሥራ ስመለስ በልብስ ስፌቱ ቤት በኩል ማለፍ ጀምሬያለሁ፤ መንገዱ ይረዝምብኛል እንጂ አያጥርልኝም። የስፌት መኪናው ይንጣጣል። ክብርት ቃል አቀባይ ሕፃኗን ጭናቸው ላይ አድርገው ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን እንዳስታረቀ፣ ዝናቡ ለምን እንደዘገየ ያወሯታል። ከዚያ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ይሏትና አፋቸውን ገጥመው ይጠብቃሉ። ልጅቷ አንዳንዴ «ኧ» ትላለች። አንዳንዴ ጣሪያ ጣሪያውን ታያለች። እሳቸው እስክትመልስ ይጠብቋታል።